ጀልባ ሊገዙ በየቅዳሜው የሚመጡት ሦስት ሽማግሌዎች

«ረገጥ ያድርጓት እንጂ... አትነክስም!»

ሻጩ አባት አሮጌዋን ጀልባ በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጓት።

ግቢው ጥግ፣ ሁለት ግንድ ላይ የተቀመጠች ሆዷ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ጀልባ ናት።

ሊገዙ የመጡት ሦስቱም ፀጉራቸው ነጭ ነው። አንዱ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ አንዱ ልብስ ሰፊ። ሦስተኛውን «ዝምታ» ይሏቸዋል... ወሬ ስለማያልቅባቸው።

ሹፌሩ ጀልባዋ ላይ ወጡና ወለሏን ረገጡ።

«ጠንካራ ናት... ግን ታፈስ ይሆን?»

«ታፈስ ይሆን? ቆይ!» አባትየው ባልዲ ሙሉ ውሃ አምጥተው ውስጧ ገለበጡት። «ያገለገለ ጀልባ ሲመረጥ እንዲህ ነው ጌታዬ። ውሃው ከውስጥ ይጨመራል፣ ከሥር ይታያል!»

ልብስ ሰፊው ከነኮታቸው መሬት ላይ ተንጋለው ከሥር አዩ።

«ጠብታ የለም!»

«አልኳችሁ እኮ! ከጓደኛ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ከእሷ የተሻለ የለም። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው... አንዱ ዓሣ ያዝኩ ብሎ ድንገት ብድግ ቢል ሌላው ውሃ ውስጥ አይገባም።»

«አንዱ እንደኔ ወፍራም ቢሆንስ?» አሉ ዝምታ ሆዳቸውን እያሻሹ።

«እርስዎን መሃል ነው የምናስቀምጥዎት!»

አራቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በመስኮት የሚያያቸው የአባትየው ልጅ ግን አልሳቀም።

ልጁ ብዙ ዘመን ሌላ ከተማ ኖሮ የመጣው የአባቱ የመርሳት ሕመም ሲጸና ነው። ያገለገሉ በርና መስኮቶች ይሸጣል። በሮቹ ግቢውን ሞልተውታል... ጀልባዋ ደግሞ ቦታ ይዛበታለች።

አባቱ ምሳ በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ «ምሳ የለም እንዴ?» ይላሉ። የሞተችውን እናቱን ከጓዳ ይጣራሉ። አንዳንድ ቀን እሱንም «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ በየቅዳሜው ይመጣሉ... ይረግጣሉ... ውሃ ያስጨምራሉ... ዋጋ ይከራከራሉ... «አስበን እንመለሳለን» ብለው ይሄዳሉ።

አባትየውም በሳምንቱ አይተዋቸው እንደማያውቁ ሆነው እንደ አዲስ ይቀበሏቸዋል።

የልጁ ደም ፈላ። «አባቴ እንደሚረሳ አውቀው ነው! አንድ ቀን ከፍለናል ብለው ሊወስዷት ነው!»

ሲወጡ በር ላይ ጠበቃቸው።

«አባቶች... የምትገዙ ከሆነ ግዙ። የታመመ ሰው መጫወቻ አይደለም።»

ሹፌሩ አንገታቸውን ደፉ። «ልክ ነህ ልጄ» ብቻ አሉ።

በዚያው ሳምንት፣ አባቱ እንቅልፍ ላይ እያሉ፣ ልጁ ጀልባዋን ለብረታ ብረት ሰብሳቢ ሸጣት።

ቅዳሜ ሦስቱ መጡ... ግንዶቹ ባዷቸውን ነበሩ።

«የት አለች?»

«ተሸጠች። እናንተም ተገላገላችሁ፣ እኔም ተገላገልኩ!»

ልብስ ሰፊው ግንዱ ላይ ዘጭ አሉ።

«ልጄ» አሉ ሹፌሩ። «እኛ ገዢዎች አይደለንም። ያቺን ጀልባ ከአባትህ ጋር ዞረን መርጠን የገዛናት እኛው ነን። በእሷ እያጠመድን ነው ያረጀነው።»

ልጁ ወደ ባዶዎቹ ግንዶች ዞረ። ሹፌሩ አላቆሙም።

«ሲታመም ልንጠይቀው መጣን... አላወቀንም። ‹ሌቦች!› ብሎ ጮኸብን። ደጋግመን መጣን... ያው ነው። አንድ ቀን የምለው ቢጠፋኝ ‹ጀልባዋ ትሸጣለች?› አልኩት። ፊቱ በራ! ‹ግቡ፣ ግቡ!› አለን። ሌላ በር አላገኘንም ልጄ።»

ልብስ ሰፊው ቀጠሉ። «አብሮህ ያደገ ሰው ‹እርስዎ› ሲልህ ያማል... ይሁን። ስለ እኛ ለእኛው ያወራልናል። ‹ሦስት ጓደኞች ነበሩኝ፣ የት እንደጠፉ እንጃ› ይለናል። እኛም ‹አይዞዎት፣ ይመጣሉ› እንለዋለን።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?!»

«ሰላም ስንልህ መች ቆመህ ታውቃለህ?» አሉ ዝምታ ቀስ ብለው።

ልጁ ወደ ብረት ሰብሳቢው ሮጠ። ጀልባዋ ግን ተቆራርጣ ከድስትና ከቆርቆሮ ጋር ተከምራለች። ምኗን ያንሳ?

ባዶ እጁን ተመለሰ።

አባቱ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ሦስቱ ከፊታቸው።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ጀልባ... ትሸጣለች ብለውን...» አሉ ሹፌሩ።

አባትየው ግቢውን ቃኙ። በር... መስኮት... በር...

«ጀልባ? እዚህ ጀልባ የለም።»

ልብስ ሰፊው መቻል አቃታቸው። የአባትየውን እጅ ያዙ። «እኛ ነን እኮ ወንድሜ! እኛ ነን!»

አባትየው እጃቸውን መነጨቁ። ዓይናቸው በፍርሃት ፈጠጠ።

«ልጄ! ልጄ ድረስልኝ! እነዚህን ሰዎች አስወጣልኝ!»

ልጁ ሄዶ አባቱን አቀፋቸው። እቅፉ ውስጥ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣሉ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ወጡ። አንድም የተቆጣው የለም... ሹፌሩ እንዲያውም ሲያልፉ ትከሻውን ዳበስ አደረጉት።

ያን ቀን ልጁ የግቢውን በር ክፍቱን አሳደረው። በሳምንቱም ከፈተው። በዚያ በር ግን ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ አልገቡም... «ሲያየን ይፈራል፣ አናስጨንቀው» ብለው።

ወገኖቼ... እኛ ቤት አሮጌ ዕቃ ያልነው፣ ለታመመው ሰው የቀረችው አንድ መስኮት ልትሆን ትችላለች። ከመሸጣችንና ከማባረራችን በፊት ቁጭ ብለን እንጠይቅ። ሰላም ያለንን ሰው ቆመን እንስማው። ፈጣሪ ሳይረፍድ የሚያስተውል ልብ ይስጠን። የታመሙ ወላጆቻችንንም እሱ በምሕረቱ ይጎብኝልን። አሜን።

እስቲ ንገሩኝ... ጥፋቱ ሳይጠይቅ የሸጠው ልጅ ነው ወይስ እውነቱን የደበቁት ሽማግሌዎች? እናንተስ በልጁ ቦታ ብትሆኑ አሁን ምን ታደርጉ ነበር?