ሦስተኛው አቤቱታ

ዌንዴል ፎጣውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ሌላውንም ዳሰሰው፤ እሱም ደረቅ። የታጠፉበት መስመር እንኳ አልጠፋም፤ ከቁም ሳጥን ወጥተው በቀጥታ በረንዳው መደገፊያ ላይ የተሰጡ ነው የሚመስሉት።

«አየህልኝ ጉዴን?» አለች ኮሪን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ። «ተከራዮቼ አዋረዱኝ አይደል?»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ይነበባል» አለና ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ።

ዌንዴል የመንደሩ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደንብ ሲጣስ አይቶ አያልፍም። ሰዉ መዋኛ ገንዳው አጠገብ ባለው ሣጥን ስሙን ሳይጽፍ አቤቱታ ይጥላል፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ለባለቤቱ አንብቦ፣ በዓይኑ አይቶ መመዝገብ አለበት። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ ነው።

«አቤቱታ ቁጥር አርባ አንድ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «በእርስዎ ቤት፣ ከባሕር በኩል ባለው በረንዳ መደገፊያ ላይ፣ አንድ ሰማያዊና አንድ ባለመስመር ፎጣ ከጠዋት ጀምሮ ተሰጥተው ይገኛሉ፤ ይህም በደንቡ ክልክል ነው።»

«ዛሬ ደግሞ እርስዎ ሆንኩልህ?»

«ደንቡ ነው።»

«ደንቡ ፓይ መብላት ይከለክላል? ግባ በል፣ ክሬሙ ሳይቀልጥ።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀድሞ ቀርቧል። ብስኩት ተደቁሶ የተሠራው የሎሚ ፓይ መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ጨው ነስነስ ተደርጎበታል፣ ልክ እሱ እንደሚወደው። በሰኔ፣ የቆሻሻ ገንዳዋ ያለ ቀኑ መንገድ ላይ ወጣ ተብሎ ሲመጣ፣ ግማሽ ሰዓት ቆየ። በሐምሌ፣ ሙዚቃ በዛ ተብሎ ሲመጣ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ፣ የሟች ሚስቱን ነገር አንስቶ፣ ለማንም የማያወራውን አውርቶ ሄደ።

«ታች ቤት አሁን የተከራዩት እነማን ናቸው?»

«ማንም የለም። ቅዳሜ ወጡ። ሌሎቹ የፊታችን ቅዳሜ ነው የሚገቡት» አለች። ካለች በኋላ አፏን ያዝ አደረገችና ቀድሞ የተቆረጠውን ፓይ እንደገና መቁረጥ ጀመረች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ያ በረንዳ ደግሞ በአሸዋ ክምርና በውጪ መታጠቢያው አጥር ተከልሎ ከባሕሩም ከመንገዱም አይታይም። ከአንድ ቦታ ብቻ ይታያል፤ ኮሪን ከተቀመጠችበት ወንበር። ዌንዴል ገባው። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ጎረምሳ ጆሮው ድረስ ሞቀው፣ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ደነገጠ።

«ኮሪን፣ ሚያዝያ ላይ በነበረው ስብሰባ አልነበርሽም አይደል?»

«ዳሌዬን ኦፕራሲዮን ሆኜ ተኝቼ ነበር። ረሳኸው እንዴ? የደረቀ አበባ ይዘህልኝ መጥተህ ነበር።»

«ስገዛው አልደረቀም ነበር።» ሹካውን አስቀመጠ። «ያን ቀን አዲስ ደንብ አጽድቀናል። በአንድ በጋ ሦስት አቤቱታ የተረጋገጠበት ቤት፣ ለአንድ ዓመት ለእንግዶች በሳምንት ሂሳብ ማከራየት አይችልም።»

«ይሄ ስንተኛው ነው?»

«ሦስተኛው።»

«ደረቅ ፎጣም ይቆጠራል?»

«ፎጣ ፎጣ ነው።»

ቢላዋው ከእጇ ወርዶ ሳህኑን መታው። ቤቱ ያለ ተከራይ እንደማይቆም ሁለቱም ያውቃሉ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጣሪያውንም ደረጃውንም ያሳደሱት የበጋ እንግዶች ናቸው። ኦሃዮ ያለችው ልጇ «ሽጪውና ነይ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች፤ ክፍል አዘጋጅታ፣ መጋረጃ ሳይቀር መርጣ ፎቶ ልካላታለች።

«ማነው ደግሞ እንዲህ ያለ ደንብ ያመጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«አይ ዌንዴል!» አለች። ሳቀች፣ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረባትና በመሃረብ አፍንጫዋን ያዘች።

ወረቀቱን ቀዶ ቢጥለው ምን ነበረበት? ግን ቁጥር አለው፤ ሣጥኑ ሲከፈትም ሁለት ሰው አይቶታል። ደግሞም ራሱን ያውቃል፣ እንቅልፍ አይወስደውም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ።

«የጻፈው ሰው ራሱ ካነሳው ይሰረዛል» አለ በመጨረሻ። «ስም አይጠየቅም። እዚች ጋ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ማን እንደጻፈው እኔ መጠየቅም ማየትም አልችልም። ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

ወረቀቱን ከሳህኗ አጠገብ አኖረና እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ውጪ ሁለት ሴቶች የባሕሩን ዳር ይዘው ይራመዳሉ። ጠበቀ።

«ዌንዴል» አለች፣ ድምፅዋ አንሶ። «ይሄን ካነሳሁት… ማለቴ፣ ሰውየው ካነሳው፣ አንተ በምን ምክንያት ትመጣለህ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአጥር፣ ለውሻ፣ ለመኪና ማቆሚያ ቅጽ አዘጋጅቷል። ለዚህ ግን የለውም።

«ያለ ምክንያት» አለ የመስኮቱን መስተዋት እያየ። «ነገም። ሐሙስም። በሩን አንኳኳለሁ።»

እስክሪብቶው አንዴ ጫር ሲል ሰማ። አልዞረም፤ መጀመሪያ ፊቱን ማስተካከል ነበረበት።