ጠንቃቃው ሰይፉ ጎርፍ ውስጥ ለምን ገባ?

«በር ላይ ምን ያስቆምሃል? ግባ እንጂ አቦ...»

ዝናሽ ናት እንዲህ ያለችው... ለጎረቤቷ ልጅ ለሊባን።

ሊባን ግን አልገባም። የበሩን ጉበን ይዞ ቆመ... ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

ቀኑ የልጇ የሰይፈ ሚካኤል ሙት ዓመት ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሄዷል፣ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም።

«ሥጋ ያልነካው ሽሮ ለይቼልሃለሁ፤ ምን ያኮራሃል?»

«አልራበኝም። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

ቆይ እናንተዬ... እሱን ከመስማታችሁ በፊት ሰይፉን ላስተዋውቃችሁ።

ሰይፉ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ የትልቅ ሰው... ጢሙ ግን ልምጣ አልምጣ እያለ ገና የሚያስብ።

እና ጠንቃቃ... ጠንቃቃ ስላችሁ። እንቁላል ሲገዛ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንስቶ የሚያይ። ባጃጁ ቀጥ ብሎ ሳይቆም እግሩን የማያወርድ። እኩዮቹ «ሽማግሌው» ነበር የሚሉት።

ዝናሽ ደግሞ በዚህ ስትኩራራ... «የእኔ ልጅ ጭንቅላት ከእኔ ይበልጣል» እያለች ሰፈሩን ታሰለች ነበር።

ታዲያ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለአክስቱ ለተሻለች የደም ግፊት ኪኒን እንዲያደርስ ላከችው። ተሻለች ያለችው ከደቻቱ ማዶ ነው።

ደቻቱን የድሬዳዋ ሰው ያውቀዋል፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በድልድዩ መዞር የሰለቸው ሁሉ በአሸዋው ያቋርጣል።

ግን ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ይዘንብና... ጎርፉ ከተፍ ይላል። ሰማዩ ጥርት እንዳለ።

ያን ቀን ልጁ ከወጣ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ «ደቻቱ መጣ» ተባለ።

ዝናሽ ዘላ ወጣች። ሊባንና ሹክሪ ግንብ ሥር ካርታ ይጫወታሉ... ሁለቱም የሰይፉ እኩዮች።

«ሩጡ፣ ድረሱበት... ብቻውን እንዳይሆንብኝ» አለቻቸው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው እንግዲህ። ልጅ ብቻውን ከሆነ እንፈራለን... ጓደኞቹ አብረውት ካሉ እፎይ ብለን እንተኛለን።

ሮጡ።

ሲመለሱ ሁለት ብቻ ነበሩ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል።

«አልደረስንበትም» አሉ።

ሰይፉ በማግስቱ ወደ ታች፣ አሸዋ ውስጥ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ዝናሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዛት። ያ ሁሉ ጠንቃቃ ልጅ... ለምን ገባ?

ገሚሱ «ቀኑ ደርሶ ነው» አላት። እሷ ግን የራሷን መልስ ያዘች... «ብቻውን ሆኖብኝ ነው። አጠገቡ ሰው ቢኖር አይገባም ነበር።»

አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ መልስ ተኛች፣ በዚህ ተነሳች።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ።

«እማ ዝናሽ...» አለ ሊባን። «ደርሰንበት ነበር።»



«ስንደርስ አልገባም ነበር። ከውኃው ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎርፉ እስኪያልፍ እየጠበቀ ነበር... ወላሂ።»

«እና?»

«እና... እኛ መጣን።»

«ምን አላችሁት? ፈሪ አላችሁት?»

«ምንም አላልነውም። ሹክሪ ስልኩን አውጥቶ ጎርፉን ይቀርፃል... እኔ ቆሜያለሁ። ሰይፉ ዞር ብሎ አየንና ሳቀ። ከድንጋዩ ላይ ተነሳ። 'እዩኝማ' አለ... ሱሪውን ሰበሰበ።»

«እናንተስ ዝም ብላችሁ አያችሁት?»

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ እማ ዝናሽ... የሚሻገር መስሎኝ። እሱ ቢሻገር ቀጥዬ የምገባው እኔ ነበርኩ። ሲወስደው ሮጠን ገባን... አልያዝነውም።»

ዝናሽ አልጮኸችም። አልረገመችውም። ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

«የላክኋችሁ እኔ ነኝ» አለች።

እናንተዬ... ብቻውን እያለ ተቀምጦ ነበር። እንዲጠብቁት የላከቻቸው ሲመጡ ነው የተነሳው።

ሴትየዋ አላስችል ቢላት ከዚራ ሰፈር ያለች ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጠየቀች።

ዶክተሯ እንዲህ አለቻት... «በዚህ ዕድሜ ጀብዱና ደስታ የሚፈልገው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል። 'ቆይ፣ አስብ' የሚለው ግን ከሃያ ዓመት ዕድሜ በኋላም ገና እየበሰለ ነው። ብቻውን ሲሆን እንደ አዋቂ የሚያስብ ልጅ፣ እኩዮቹ እያዩት ሌላ ልጅ ሊሆን ይችላል። መገፋፋት እንኳ አያስፈልግም... መታየቱ ይበቃል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ጊዜ ነው» አለቻት።

ጊዜ... ሰይፉ ያጣው እሱን ነው።

አሁን ደግሞ ታናሽ እህቱ ኑኃሚን አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ባለፈው «እማ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ?» አለች።

ዝናሽ «ከማን ጋር?» ልትል አፏን ከፈተችና ዋጠችው። «ብቻሽን?» ልትል አለችና... እሱንም ዋጠችው።

ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ ጫማዋን አወለቀች። እናትየው እንደቆመች ቀረች።

ትምህርቱ ይኸውላችሁ... «ልጄ አስተዋይ ነው» ስትሉ፣ ያያችሁት እናንተ ፊት ያለውን ልጅ ነው። እኩዮቹ ፊት ያለውን ገና አላያችሁትም። መፍትሔውን ንገሪን እንዳትሉኝ... የለኝም። ልጅ እስኪበስል ጉያ ውስጥ አይያዝ ነገር።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ዝናሽን ብትሆኑ ኑኃሚንን ብቻዋን ነው የምትልኩት፣ ወይስ ከጓደኞቿ ጋር? ኮመንት ላይ ጻፉላት... ቁጭ ብላ ታነበዋለች።