ከኋላ የቆመ ሰው

በፍቃዱ ለሦስተኛ ጊዜ የጋቢናውን በር ከፍቶ ወረደ። ተሳቢው እስከ ግማሹ በመጋዘኑ ግቢ በር ገብቷል፤ መኪናው ግን የመካኒሳ አቦን ጠባብ መንገድ እንደዘጋ ቆሟል። ማለፊያ ያጡ ሁለት ታክሲዎች ክላክሳቸውን አላቋረጡም።

«ደግሞ ምን ልታይ ነው?» አለው ሂርጳ ከግቢው ውስጥ።

«ከኋላ ያለውን ቦታ ልየው ጋሼ።»

«እኔ ታዲያ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

በፍቃዱ በተሳቢው ጎን አልፎ ግድግዳውንም፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን የፍሳሽ ቦይም በዓይኑ ለክቶ ተመለሰ።

ሂርጳ ጥርሱን ነከሰ። ከባድ መኪና ሲነዳ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። መሪ ከመጨበጡ በፊት ሰባት ዓመት በረዳትነት ጎማ ፈትቷል፣ መኪና ሥር አድሯል፣ የሾፌሩን ጥፊ ቀምሷል። ይሄ ልጅ ደግሞ ስድስት ወር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰሌዳ ላይ የተሣለ መኪና እያየ ሠልጥኖ መጣ። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ሥራው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ድርጅቱ አዳዲሶቹን ለአንድ ወር ከነባሮቹ ጋር አጣመራቸው። ወሩ ዛሬ ያልቃል። ሲመለሱ አለቃቸው «ብቻውን ይንዳ?» ብሎ ሂርጳን ይጠይቀዋል። ሂርጳ መልሱን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጨርሶታል፤ አይነዳም።

ከፉሪ ተራራ በኩል የመጣው ደመና ሰፈሩን አጥቁሮታል። የሲሚንቶው ባለቤት ተናኘወርቅ ጃንጥላዋን ይዛ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ትንቆራጠጣለች።

«ጋሽ ሂርጳ፣ ሸራው እኮ ቀዳዳ ነው። ያ ሁሉ ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኖ ሊቀርብኝ ነው። ምናለ እርስዎ ቢያስገቡት?»

«ራሱ ያስገባዋል» አላትና ወደ በፍቃዱ ዞረ። «ስማ፣ ከእንግዲህ እንዳትወርድ። እኔን ማየት የለብህም፣ መስማት ነው። ና ሲሉህ ትመጣለህ፣ በቃ ሲሉህ ትቆማለህ። ሌላው የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው።»

«በስፖኪዮ ካላየሁዎት ግን እቆማለሁ ጋሼ።»

«እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንተ አልተወለድክም።»

በፍቃዱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጋቢናው ወጣ።

«ና... ና... ቀኝ ስበር... ፍታው... ና።»

ሂርጳ ዓይኑን ከተሳቢው ጥግ ሳይነቅል ወደ ኋላ ይራመዳል። ልጁ መሪውን በጥሩ ሁኔታ ነው የያዘው፤ ይህም አናደደው። በዚህ መሀል በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በአንድ ጊዜ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ወረደ። ሂርጳ የገዛ ድምፁን መስማት አቃተው። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ና» እንዳለ፣ የቦዩ ክዳን ከተረከዙ ሥር ከዳው።

ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። በጀርባው ወደቀ። እግሩን ቢስበው የቦዩ ጠርዝ ይዞታል።

«በቃ!» ብሎ ጮኸ። «በቃ!»

ተሳቢው መምጣቱን አላቆመም። የኋላ ጎማው ቀስ እያለ ይዞራል፤ በጥርሶቹ መሀል የተሰነቀረች ጠጠር ወደ ላይ ስትወጣ፣ ከዚያ ወደ ታች ስትወርድ አያት። በተሳቢው ሆድ ሥር የተናኘወርቅ እግሮች ወደ ጋቢናው ሲሮጡ ታዩት። ከተሳቢው ጎን ያለውን ክፍት ቦታ እንጂ እሱን አታይም።

«ና ግባ! ቦታ አለ፣ ና!» ትላለች።

ሂርጳ ያን ድምፅ ሲሰማ የገዛ ቃሉ ትዝ አለው። ና ሲሉህ ትመጣለህ ብሎታል። እሱ ራሱ መሪው ላይ ቢሆን ይመጣ ነበር። ይህን ሲያስብ ለአንድ አፍታ እንኳን አልተጠራጠረም።

ጎማው ቆመ።

ታክሲዎቹ አምባረቁ። «ሾፌር፣ ሴትዮዋ እየጠራችህ አይደል እንዴ?» አለ ከውጭ አንዱ። ተናኘወርቅ ደግማ ጠራች። ሞተሩ ሲያጓራ ጎማው ትንሽ የተነቃነቀ መሰለውና ሂርጳ ዓይኑን ጨፈነ። የሚጠራው ታቦት እንኳን አልመጣለትም።

ከዚያ የእጅ ፍሬኑ አየር ተንፍሶ ተያዘ። ሞተሩ ጠፋ። በሩ ተከፈተ፣ እርምጃ ተሰማ።

በፍቃዱ ከጎማው ጀርባ ብቅ ሲል ባለበት ደረቀ። ከጎማው እስከ ሂርጳ ጭን አንድ ስንዝር አይሞላም። ተንበርክኮ እግሩን ከቦዩ አላቀቀለትና በብብቱ ይዞ አነሳው።

«ከስፖኪዮው ጠፉብኝ» አለ።

ተናኘወርቅ ደርሳ ሁለቱንም ስታይ ጃንጥላዋን መዘርጋት ረስታ በረዶው ላይ ቆመች።

«ደህና ነኝ» አለ ሂርጳ። «ሲሚንቶው ይግባ።»

«እንግዲያው እዚያ ይሁኑልኝ ጋሼ፣ ከምሰሶው አጠገብ። እዚያ ሲሆኑ አይዎታለሁ። በእጅዎ ብቻ ያሳዩኝ።»

ሂርጳ እያነከሰ ሄዶ ልጁ ያሳየው ቦታ ቆመ። ሞተሩ ተነሳ። በዝናቡ ውስጥ ከስፖኪዮው መስታወት ሁለት ዓይኖች እሱን ይጠብቃሉ። ቀኝ እጁን አንስቶ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ጠራው፤ ተሳቢውም በእጁ ልክ መጣ።

ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ናዝሬት፣ አሰብ ወደብ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ከሱ መኪና ኋላ ስንት ሰው ቆሟል? ሂርጳ እጁን እንዳነሳ አንዱን እንኳን ለማስታወስ ሞከረ። ና፣ ና የሚሉት ድምፆች አንድ በአንድ መጡለት። ፊት ግን የአንዳቸውም አልመጣለትም።