የቀላው ዓረፍተ ነገር

ፕሮግራሙ ፈተናውን ወድቋል። በሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ለሙከራ የተገጠመውን የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ የሚያዘው ይህ ፕሮግራም የተጻፈው ጃቫ በተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ የፕሮግራም ፈታኟ ግን የፈተነችው ሩቢ ለተባለ ሌላ ቋንቋ በተሠራ መሣሪያ ነው። ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት የፈተና ዓረፍተ ነገሮች ያላለፈው አንዱ ብቻ ቀልቷል፦ «በሩ ሲዘጋ፣ ውስጥ ያለ ሰው ከፍቶ መውጣት ይችላል።»

«የጃቫን ሥራ በሩቢ? ጥፋቱ የመሣሪያሽ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ እንደተቀመጠ። «ሰርዢውና ዛሬውኑ እናስረክብ።»

«መሣሪያው የሚያየው የበሩን ጠባይ እንጂ ቋንቋውን አይደለም። አልሰርዝም።»

«እንግዲያው ተባረሻል! ስትወጪ በሩን ዝጊው!»

«ልዝጋው?»

«አማርኛም በሩቢ ነው እንዴ የምትሰሚው? ዝጊው!»

በሩን እንዳይዘጋ ደግፎ የያዘውን ወንበር ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ ወጣችና ዘጋችው።