«መጀመሪያ የራስሽን ለኪ!»

ነገሩ የጀመረው ግን በቀልድ ነበር፦ «ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው እንዴ?»

ዳኛቸው እንዲህ ሲል የቤተክርስቲያኑ አዳራሽ በሳቅ ተሞላ...

ወገቡን የለካችው ሴት ግን አልሳቀችም።

አይጉል ትባላለች። የካዛክስታን ሰው ናት፤ ነርስ። ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ከዳኛቸው ሚስት ከዓለምነሽ ጋር ትሠራለች። የእሁዱን የጤና ምርመራ እንድታግዝ ለምና ያመጣቻትም ዓለምነሽ ናት።

አይጉል ሲባጎ በቁመትህ ልክ ትቆርጣለች... ለሁለት ታጥፈዋለች... ወገብህ ላይ ታዞረዋለች።

ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ፣ ጥሩ።

ካልተገናኘ፣ «ሐኪም ጋ ሄደህ ልብህን ታይ» ትልሃለች።

የዳኛቸው አልተገናኘም። ኧረ ጭራሽ አልተቀራረበም!

«እኔን ነው?» አለ። «ሚዛን ላይ ስወጣ ኖርማል ነኝ። እጄን እዪው፣ እግሬን እዪው... ይቺ ቦርጭ የድሎት ናት!»

«እኛም አገር እንደዚያ ይላሉ» አለች አይጉል። «እንደዚያ ያሉ ብዙ ሰዎች ቀብረናል።»

ዳኛቸው ደሙ ፈላ። ሰው ፊት ሞት ትጥራብኝ?

«መጀመሪያ የራስሽን ለኪ!»

ዓለምነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች...

አይጉል በራሷ ቁመት ልክ ሲባጎ ቆረጠች።

ሲያዩዋት ቀጭን ናት። ሰፊው ዩኒፎርሟ የደበቀውን ቦርጭ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

አጠፈችው... አዞረችው...

አልተገናኘም።

ሳቁ ቀጥ አለ። አይጉልም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«ይቅርታ ሳትጠይቃት አታናግረኝ!» አለችው ዓለምነሽ። እሱ ግን ዛሬ ነገ እያለ ሳምንታት አለፉ። ሐኪም ጋም አልሄደም።

አንድ ጠዋት ፒዮሪያ ስትሪት ያለው የነዳኛቸው አፓርታማ በር ተንኳኳ።

አይጉል ናት። ከስታለች።

ዳኛቸው «ይቅር በይኝ...» ብሎ ሳይጨርስ እጁን ያዘችው።

«ራሴን በለካሁ በማግስቱ ሄጄ ተመረመርኩ። የልቤ ዋና የደም ሥር ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው። በጊዜ ከፈቱልኝ።»

ዳኛቸው ወንበር ሳበላት፤ እሷ ግን ቀጠለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖርኩ... "አንቺስ?" ያለኝ አንተ ብቻ ነህ። ያተረፍከኝ አንተ ነህ!»

እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሊያዋርዳት እኮ ነበር የተናገረው!

«በል አሁን ተራው ያንተ ነው» አለች። «መኪናዬን በር ላይ ፓርክ አድርጌያለሁ።»

ክሊኒክ ይዛው ሄደች። የደም ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል፤ ኮሌስትሮሉም እንደዚያው። ሐኪሙ «እንኳን አሁን መጣህ» አለው።

መድኃኒት ጀመረ። ሶዳ ተወ። ኡበር እየነዳ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ወንበር ዘርግቶ መተኛቱ ቀርቶ ፓርኪንጉን በእግሩ መዞር ሆነ ሥራው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ሐኪሞቻቸው ከፈቀዱላቸው በኋላ፣ ዳኛቸው፣ ዓለምነሽና አይጉል ሬድ ሮክስ የሚባለውን የተራራ ላይ ቲያትር ረጅም ደረጃ ቀስ እያሉ ወጡት። ጫፍ ሲደርሱ ዴንቨር ከሩቅ ተዘርግታ ታየቻቸው...

«ሃሌሉያ!» ብሎ ጮኸ ዳኛቸው። አይጉልም በካዛክኛ የደስታ ጩኸቷን ለቀቀችው። ስፖርት የሚሠሩት ፈረንጆች ነገሩ ሳይገባቸው አጨበጨቡላቸው!

ወዳጆቼ... ለሁሉ የሚጨነቅ ሰው፣ ለእሱ የሚጨነቅለት የለውም። ዳኛቸው በቁጣ የጠየቀው ጥያቄ ነፍስ ካተረፈ፣ በፍቅር ብንጠይቀውማ ስንቱን ያተርፍ ነበር!

እስቲ ንገሩኝ... ሁላችሁንም እያስታመመ ራሱን የረሳው የቤታችሁ ሰው ማነው? ዛሬ «አንተስ? አንቺስ?» ብላችሁታል?

ኮሜንት ላይ ስሙን ጻፉልን... ግን መጀመሪያ ደውሉለት። ❤️