ወይን ጠጁ ጥለት

በዚያ ዘመን የፋሽኑ ወቅት ባለቀ ቁጥር ሕዝቡ በየዲዛይነሩ ሥራ ላይ ድምፅ ይሰጥ ነበር፣ ልጆቼ። የተወደደው ይቆያል፤ «አልጣመንም» የተባለው ጥለትና ቀለም ግን በያለበት፣ ሰው ገላ ላይም ቢሆን፣ ከጨርቁ ይጠፋል።

ትርንጎ ልጇን ሳምራዊትን ከቀበረች ወር አልሞላትም። ልጅቷ የነደፈችውን ወይን ጠጅ ጥለት ያለውን ነጠላ፣ እንደ ሐዘን ደንቡ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ በነጭ ቀሚሷ ላይ ለብሳ ታክሲ ውስጥ ገባች። አንዲት ወጣት አየቻትና «ነፍስ ይማር፣ እማማ» ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ወዲያው የወጣቷ ስልክ ጮኸ። «ውጤቱ ወጣ! የመረጥኩት ቀሚስ አለፈልኝ!» ብላ አጠገቧ ያለችውን ጓደኛዋን ጎሸም አደረገቻት። «ያ ወይን ጠጁ ግን ወደቀ፤ ደግ አደረግን! የአሮጊት ነገር!»

ትርንጎ አገጯ ሥር ጥለቱ እየገረጣ ሲሄድ በመዳፏ ሸፈነችው። እጇን ስታነሳ ነጠላው ነጭ ብቻ ነበር። ወጣቷ አየችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በሚቀጥለው ፌርማታ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ለትርንጎ ፈገግ አሉላት። «ነጭ በነጭ አምሮብሻል እቴ! የማን ሰርግ ነው?»

ትርንጎ የነጠላውን ባዶ ጫፍ ዳበሰችው።

«የልጄ ነው» አለች።