በየትኛውም «ሀ»
ሐይቅ ከተማ፣ ጦርነቱ የበተናቸው ሰዎች በሚፈላለጉበት ቢሮ፣ ከዝርፊያ የተረፈው አሮጌ ላፕቶፕ ፕሮግራሙን ለሦስተኛ ጊዜ አልጭንም አለ። እንደ «ሀ» እና «ሐ» ባሉ የተለያዩ ፊደላት የተጻፉ ስሞችን የሚያዛምደውን፣ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈውን ይህን ፕሮግራም የቢሮው ሠራተኛ ኢቲሳም ከባልደረባዋ ከሙአዊያ ጋር ነበር የሠራችው። ለፍጥነት ሲሉ ሲ በተባለ ሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት ክፍል ማሽኑ ላይ ካልተገነባ ግን ሁሉም ይቆማል፤ ላፕቶፑ ደግሞ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር መገንቢያ የለውም።

«የሲውን ክፍል አማራጭ ላደርገው ነው፤ ላፕቶፑ ካልቻለ ይዝለለው» አለችው ለሙአዊያ በስልክ።

«በፓይተኑ ብቻማ ይንቀረፈፋል! ስማችንን ያጠፋል።»

«እናት ልጇን ፍለጋ ፊቴ ቆማለች፣ አንተ ስለ ስምህ ታወራለህ? ወላሂ አታፍርም!»

ጆሮው ላይ ዘጋችበትና፣ የሲውን ክፍል አማራጭ የምታደርግ አንዲት መስመር ፕሮግራሙ ላይ ጨመረች። ማሽኑ የሲውን ክፍል ሞከረ፤ አቃተውና አለፈው። ፕሮግራሙ ተጫነ።

«እናቴ፣ ፍለጋው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ አፉ በሉኝ» አለች።

«ሰባት ወር ጠብቄ የለ! ግማሽ ሰዓት ምን አባቱ!» አሉ ሴትዮዋ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። «በየትኛውም ‹ሀ› ይጻፉት፣ ሐቢብ ልጄ ነው። በይ ፈልጊው!»